የካ አባዶ፤ አንድ ሽቶ በሦስት ገላ

አንባቢ ሆይ፤ በእሑድ ጧት ሥራ ካልያዘዎት ከመገናኛ ይነሡና ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባዶ! የካ አባዶ! ሁለት ሰው!» እያለ ከሚጣራበት ታክሲ ይሳፈሩ። ወሩ ገና ስላላለቀ ኪስዎ የሳሳ እንደ ሆነም ግድ የለም፤ በሐሳብ አብረን እንሄዳለን። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው አፍንጫ ብቻ ነው። ስለ ከተማችን ሠፈሮች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዓይን የሚታየው፣ የፎቁ ቁመትና የመንገዱ ስፋት ነው። እኔ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ግን በዚያ ሠፈር፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ እሑድ ሙሉ ተቀምጠን በአፍንጫችን ስለ ተማርነው ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሽቶ በሦስት ሰው ገላ ላይ እንዴት ሦስት ሽቶ እንደሚሆን ነው።

የታክሲው ጉዞ ራሱ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ከቤቱ ሲወጣ የረጨው ሽቶ አልኮሉ ገና አልጠፋም። ከፊቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው እጣን እጣን ይላል። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የናፍጣው ጢስ ይገባና ሁሉንም ይሸፍነዋል። ከእነዚህ ተሳፋሪዎች አንዱም የራሱን ሽታ አይሰማም። አፍንጫ ሳያቋርጥ የሚመጣበትን ሽታ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ልብ ማለት ይተዋል፤ አዲስ ነገር እንዳያመልጠው ነው። ብዙ ሰው ሽቶው የጠፋ እየመሰለው ደጋግሞ የሚረጨውና በአንድ ክፍል አብረውት የሚሠሩትን ራስ ምታት የሚያስይዛቸው በዚህ ምክንያት ነው። በመሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ምናልባትም እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ፤ በምን ያውቃሉ?

የካ አባዶ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለ ሠፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እህል ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቁጥራቸውን በግድግዳቸው ላይ ጽፈው ተሰልፈዋል። የየካ ተራራ ከዚያ ይታያል፤ ባሕር ዛፉም ከምኒልክ ዘመን ወዲህ አዲስ አበባን የከበባት ያ የአውስትራሊያ እንግዳ ነው። ጧት ጧት ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ያንን የሚቆጠቁጥ፣ ጉንፋን የሚያስለቅቅ መዓዛ ይዞ ይመጣል። ሠፈሩ አዲስ ነው፤ ነዋሪው ግን ከየአቅጣጫው፣ ከካዛንቺስም ከአራት ኪሎም ከመርካቶም፣ ዕጣ የደረሰውና ከባለ ዕጣው የተከራየው ተሰባስቦ የሰፈረበት ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ የቀድሞ ቤቱን ሽታ ይዞ መጥቷል።

ይህን ለማወቅ ከፈለጉ የአንዱን ሕንፃ ደረጃ በዝግታ ይውጡ። ከምድር ቤቱ የጠጉር ቤቱ ሻምፖና የዳቦ ቤቱ እርሾ ይቀበሉዎታል። አንደኛ ፎቅ ላይ ቡና እየተቆላ ነው። ሁለተኛው ላይ ሽንኩርት ቁሌት ላይ ተጥዷል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ልጅ ቢጫውን ጀሪካን ደፍታ ደረጃውን በበረኪና ታጥባለች። አራተኛው ላይ ደግሞ ከበር ሥር ቀጭን የእጣን ጢስ ይወጣል። እኔ የተጠራሁበት ቤት ይኸኛው ነበር።

የጠራችኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት። እናቷ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን በኪራይ ቤት ኖረው፣ በመጨረሻ በልጃቸው ስም ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ የካ አባዶ ቢመጡም፣ በዚያ ቤት ብዙ አልቆዩበትም። ከእርሳቸው ከቀሩት ዕቃዎች አንዱ በአሜሪካ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ የላከላቸው የሽቶ ብልቃጥ ነው። እናትየዋ የሚቀቡት እሑድና በዓል ብቻ ስለ ነበረ ሲሶው ያህል ተርፏል። ልጅቷ በቁም ሳጥን ውስጥ፣ በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ናፍቆቱ ሲበረታባት ታወጣውና አንድ ጊዜ እጇ ላይ ትረጫለች።

«የሚገርምህ ነገር፣» አለችኝ በመሥሪያ ቤት ሳለን፣ «ሽቶው የእማዬ ነው፤ እማዬ ግን የለችበትም። መጀመሪያ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ምናልባት እማዬ እንዴት ትሸት እንደ ነበረ እየረሳሁት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንተ ስለዚህ ነገር ታነባለህና ና እስቲ፣ ንገረኝ።»

አንባቢ ሆይ፤ የሄድኩት ስለዚህ ነው። ጉዳዩ የሽቶ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ አንዲት ልጅ የእናቷ ትዝታ ከእጇ እያመለጠ እንዳይሆን መስጋቷ ነበር።

በቤቱ ከእርሷ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሲሆን፣ ጧት ኳስ ተጫውቶ ገና መምጣቱ ነበር። ሁለተኛዋ ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጡት የእናቷ ታላቅ እኅት ናቸው። «እስቲ ሦስታችሁም ተቀቡትና ውሎውን እንየው» ብል፣ አክስትየዋ ሳቁብኝ። «እኔ አሮጊቷ ሽቶ ምን ሊሠራልኝ ነው ልጄ? የወጣቱን ለወጣት ተዉት እንጂ።» «እማማ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም» ብዬ ለመንኋቸው። እጃቸውንም ዘረጉልኝ። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ በሦስቱም ግራ እጅ፣ የደም ሥር በሚመታበት ሥፍራ፣ አንድ አንድ ጊዜ ረጨን። በየእጁም ለመረጃ ያህል በተራ አሸተትሁ።

በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ አልኮልና ብርቱካን ልጣጭ። እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽቶ አንድ ነገር ሳይሆን በአልኮል የሟሙ የብዙ መዓዛዎች ጉባኤ ነው፤ ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይተኑም። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ቀላሎቹ በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርራሉ፤ ሽቶ ሠሪዎች ይህን «ራስ» ይሉታል። ቀጥሎ «ልብ» የሚሉት ይመጣል፤ እንደ ጽጌረዳና ጃስሚን ያሉት አበቦች ናቸው፤ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያሉ። በመጨረሻ የሚቀሩት ከባዶቹ ናቸው፤ ሰንደል እንጨት፣ ቫኒላ፣ ሙጫዎችና ከእንስሳ የሚገኙ መዓዛዎች እስከ ማታ፣ በልብስ ላይ ደግሞ እስከ ማግሥቱም ይሰነብታሉ። ይህ «መሠረት» ይባላል። እንግዲህ በሱቅ ቆመው አንድ ጊዜ አሽትተው ሲገዙ፣ የገዙት ከሩብ ሰዓት በኋላ የማይገኘውን ነገር ነው ማለት ነው።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ ምሳ ሊቀርብ ሲል እንደ ገና አሸተትን። በወንድምየው እጅ ላይ ሽቶው ደምቆ፣ እንጨት እንጨት እያለ በክፍሉ ይሰማል። በባልደረባዬ እጅ ላይ አበባው ሳስቶ፣ ወደ ኮምጣጣነት አዘንብሎ፣ ሊጠፋ ተቃርቧል። በአክስትየዋ እጅ ላይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል፤ ጣፋጭ ነው፣ ገና ብዙ የሚናገር ይመስላል። ልጁ «ምነው የኔ የወንድ፣ የእሷ የሎሚ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ።

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። መጀመሪያ ሙቀት አለ። የእጅ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሮጦ የመጣ ሰው ደሙ ወደ ቆዳው ስለሚወጣ ይበልጥ ይሞቃል፤ የሞቀ ነገር ደግሞ ፈጥኖ ይተንናል፣ ራቅ ብሎም ይሸታል። ሁለተኛው ቅባት ነው። የሽቶ መዓዛዎች ከውሃ ይልቅ ቅባትን ስለሚወዱ፣ ወዝ ያለው ቆዳ ይዞ ያቆያቸዋል፤ የደረቀ ቆዳ ግን የሚይዝበት የለውም። ባልደረባዬ በቀን ብዙ ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች፤ በመሥሪያ ቤትም እጇን በአልኮል ትጠርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ቅባት አትነካም። ሽቶው እጇ ላይ አርፎ ባዶ ቤት ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛው የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወይም በምፅዋ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ የሚተንን ነገር በቀላሉ ይነሣል፤ ውሃ እንኳ በእኛ ምድጃ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጧትና ማታ ቅዝቃዜው ይህን ይገታዋል፤ የበጋው ድርቀት ደግሞ ቆዳን ያደርቃል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሲቀባው እጅግ ያማረ ሽቶ እዚህ «ቶሎ ጠፋ» ቢባል፣ ሁልጊዜ ሐሰተኛ ነው ብለው አይፍረዱበት።

አራተኛው የገላ የራሱ ጠረን ነው። ላብ ሲወጣ እምብዛም አይሸትም፤ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲመገቡት ነው ጠረን የሚሰጠው። እነዚያ ባክቴሪያዎች ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ የሚመገቡትም እንዲሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ የዘር ቅንጣት ላይ ባለ የአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት የብዙ ምሥራቅ እስያ ሰዎች የጆሮ ኵክ ደረቅ ነው፤ ያው ለውጥ የብብታቸውንም ጠረን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሽቶ የሚያርፈው በነጭ ወረቀት ላይ ሳይሆን አስቀድሞ ጽሕፈት ባለበት ወረቀት ላይ ነው።

ሰዎች «ገላ ሽቶን ይለውጣል» ሲሉ ግን መጠንቀቅ ይገባል። አብዛኞቹ መዓዛዎች በቆዳ ላይ ወደ ሌላ ነገር አይለወጡም። የሚለወጠው የሚተንኑበት ፍጥነት ነው፤ ከገላው ጠረን ጋር የሚሠሩት ድብልቅ ነው፤ የሚያሸተውም አፍንጫ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በፕራግ የወጣ ጥናት ይህን በሚገባ ያስረዳል። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን ሽቶ በአንዱ ብብታቸው፣ በዕድል የደረሳቸውን ደግሞ በሌላው አስቀቧቸው። ሽቶዎቹ ለብቻቸው ሲሸተቱ በጥሩነታቸው አይበላለጡም ነበር፤ ከገላው ጠረን ጋር ሲደባለቁ ግን ሰው ለራሱ የመረጠው ይበልጥ ተወደደ። ሰው ሳያውቀው ለራሱ ጠረን የሚስማማውን ይመርጣል ማለት ነው።

የአሽታቹን አፍንጫ ነገር የተነተኑት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ ባክ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሰው አፍንጫ 400 ያህል ዐይነት ሽታ ተቀባዮች አሉት፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ከሁለት ሰዎች መካከል ከእነዚህ ተቀባዮች 30 በመቶ ያህሉ አሠራራቸው እንደሚለያይ ታውቋል። አንዳንዱ የምስክ ዐይነት መዓዛ ለአንዱ ሰው ሲጎላ ለሌላው ጨርሶ አይሸተውም። ስለዚህ እርስዎና ጓደኛዎ በአንድ ሽቶ ቢከራከሩ ሁለታችሁም እውነት ልትናገሩ ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ ስናወራ ምሳው ተበልቶ ቡናው ቀረበ። አክስትየዋ ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጠው እጣኑን ሲጨምሩ፣ ከጠጉራቸው የሚመጣ ሌላ መዓዛ ተሰማኝ። «እማማ፣ ጠጉርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ምን ይሆናል፤ አደስ ያለበት ቅቤ ነዋ። እኔና እናቷ ከልጅነት ጀምሮ ከእርሱ ሌላ አናውቅም። እጄንም ጠጉሬን ስቀባ በተረፈው ነው የማሸው።»

ይህ ንግግር የውሎውን ምሥጢር ከፈተልን። አንባቢ ሆይ፤ እናቶቻችን አደሱን ወቅጠው በቅቤ ሲለውሱት የሚሠሩት ሥራ ከታላላቆቹ ሽቶ ሠሪዎች ሥራ የራቀ አይደለም። በደቡብ ፈረንሳይ ግራስ በምትባለው የሽቶ ከተማ ሠሪዎቹ በመስታወት ላይ የእንስሳ ስብ ቀብተው፣ በላዩ የጃስሚን አበባ ያነጥፉ ነበር። ስቡ መዓዛውን ይጠጣል፤ አበባው ሲያልቅበት ሌላ ይነጠፋል፤ በመጨረሻም መዓዛው ከስቡ በአልኮል ይወጣል። የኛዎቹ እናቶች አልኮሉን ትተው ስቡን ከነመዓዛው ወደ ጠጉራቸው አደረሱት። በወሎና በአካባቢው ሴቶች የሚሞቁት የወይባ ጢስም ከዚሁ ወገን ነው፤ በቅባት የወዛው ገላ የጢሱን መዓዛ ለቀናት ይይዛል።

ኢትዮጵያ ለዓለም ሽቶ ያበረከተችውም ይህንኑ የሚቆየውን ክፍል ነው። እጣናችንና ከርቤያችን ከሽቶው መሠረት ይቆጠራሉ። ከሁሉም ይልቅ ዝባድ አለ፤ ጥርኝ የሚባለው አውሬ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚገኝ ቅባት ነው። በጅማ፣ በኢሉ አባ ቦራና በወለጋ በኩል ጥርኞችን በጠባብ የእንጨት ጎጆ እያኖሩ፣ በየጥቂቱ ቀን በማንኪያ እየጠረጉ፣ በበሬ ቀንድ እያሸጉ ወደ ውጭ ይልኩታል፤ አገራችንም ከረጅም ዘመን ጀምሮ ዋናዋ ላኪ ናት። ዝባድ ጥሬውን የሚከረፋ ነው፤ ጥቂቱ በብዙ አልኮል ሲሟሟ ግን ሌሎቹን መዓዛዎች ይይዛል፣ ለሽቶውም የሰው ገላ ሙቀት ይሰጠዋል። በ1926 እ.ኤ.አ. ሌኦፖልድ ሩዢችካ የተባለ የስዊስ ሊቅ ዋናው መዓዛ ከምን እንደ ተሠራ አወቀ፤ በ1939ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ የሚሠራው እየተተካ ሄደ። በ1921 እ.ኤ.አ. ለወጣው ለታዋቂው ሻኔል ቁጥር 5 እንኳ የተፈጥሮ ዝባድ መግባቱ እስከ 1998 ነበር። በአውሬው አያያዝ ላይ የተነሣው አቤቱታም ለዚህ ምክንያት ሆኗል፤ ጎጆውን ላየ ሰው አቤቱታው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ስም ያላቸው የዛሬና የዱሮ ብልቃጦች አንድ ሽታ ላይኖራቸው ይችላል።

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። ወደ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐዩ ከየካ ተራራ ጀርባ ሲያዘነብል ለመጨረሻ ጊዜ እናሽትት አልኩ። ወንድምየው ገላውን ታጥቦ ስለ ነበር እጁ ላይ ከሳሙና በቀር ምንም የለም። ባልደረባዬም በአፍንጫዋ ፈልጋ ደክማ «ጠፍቷል» አለች። ከዚያ የአክስቷን እጅ ይዛ ወደ ፊቷ አቀረበች።

ቶሎ አልተናገረችም። እጁን ሳትለቅ ዓይኗን ጨፈነች። አክስትየዋም ገብቷቸው ኖሮ እጃቸውን አልሰበሰቡም። በመጨረሻ «እማዬ ናት» አለች። «እንዲህ ነበረች። በእሑድ ማታ፣ ከቡና በኋላ፣ እንዲህ ነበረች።»

ብርቱካኑና አበባው ከሄዱ በኋላ የቀረው የሽቶው መሠረት፣ ከአደሱ ቅቤ፣ ከእጣኑና ከቡናው ጢስ፣ ከእኅትየዋም ገላ ጋር ተዋሕዶ ነበር። ከእነዚህ የትኛው እናትየዋን እንዳመጣቸው ለይቶ መናገር አይቻልም። ዘመድነትም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሰዎች የአንድ ዕንቁላል መንትዮችን ጠረን፣ መንትዮቹ በተለያየ ቤት የሚኖሩ ቢሆኑም እንኳ፣ አዛምደው አግኝተውታል። እኅትማማቾች መንትዮች ባይሆኑም በአንድ ደምና በአንድ ልማድ አድገዋል። እርግጡ ነገር ልጅቷ እናቷን አለመርሳቷ ነው። ብልቃጡ ብቻውን የማይሰጠውን ነገር ስትፈልግበት ኖረች እንጂ ትዝታዋ እንደ ነበረ ነው።

«እንግዲያው ሽቶውን እንዴት ላቆየው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። የተከፈተ ሽቶ ለዘላለም አይቆይም። አየር ገብቶበታል፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑበታል፤ አስቀድሞ የሚበላሸው ራሱ ነው። በጨለማና በቀዝቃዛ ሥፍራ ቢቀመጥ ዓመታት ይኖራል፤ ነገር ግን ቢቆጥቡትም ባይቆጥቡትም ያረጃል። አንገቷን ደፍታ ጥቂት ካሰበች በኋላ ብልቃጡን ከነነጠላው አንሥታ በአክስቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«እርስዎ ይያዙልኝ። ወደኛ ሲመጡ ብቻ ይቀቡት።»

«አይ ልጄ፣ ያልቅብሻል እኮ!»

«ይለቅ። እኔ ጋ ሆኖ አላገኘኋትም።»

አክስትየዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እንግዲያው ቅቤውን አንቺም ተቀቢ። አደሱን ከደብረ ብርሃን እልክልሻለሁ» አሏት። ባልደረባዬ፣ ሰኞ ሰኞ መሥሪያ ቤት ቅቤ ተቀብታ መግባት የሚያሳፍራት ልጅ፣ «እሺ» አለች።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም ከአነስተኛ ደመወዝዎ ቆጥበው ሽቶ የሚገዙ እንደ ሆነ ከዚህ እሑድ ጥቂት ነገር ይውሰዱ። በወረቀት ላይ አሽትተው አይፍረዱ፤ በገላዎ ላይ ይርጩትና ከሱቁ ይውጡ፤ ውሎዎን ውለው ማታ የቀረውን ያሽትቱ፤ ያን ከወደዱት ብቻ ተመልሰው ይግዙ። በአንድ ቀን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አይሞክሩ። ሻጩ አፍንጫዎን እንዲያድስልዎ የቡና ፍሬ ቢያቀርብልዎ በቡና አገር ነዎትና በደስታ ያሽትቱት፤ ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የተደረገ ሙከራ ቡናው ከተራ አየር እንደማይሻል አሳይቷል። እጅዎን ከእጅዎ ጋር አይሹት፤ መዓዛውን «ይሰብራል» የሚባለው ወሬ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ራሱን ቶሎ ያበርረዋል። ከመቀባትዎ በፊት ሽታ የሌለው ቅባት ጥቂት ይንኩ። በወዳጅዎ ላይ ያማረውን ሽቶ በእርስዎም ላይ ያምራል ብለው ገንዘብዎን አያውጡ። የእርስዎ ላይ ሲቀር ደግሞ ጉድለት ነው ብለው አይፈሩ፤ ገላዎ የራሱን ቃል ጨመረበት እንጂ።

ከዚያ ቤት ስወጣ መሽቶ ነበር። በደረጃው ላይ በረኪናው ጠፍቷል፤ ሽንኩርቱም ጠፍቷል። በአራተኛው ፎቅ ያለው እጣን ግን እስከ ምድር ቤት ተከትሎኝ ወረደ። የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጣራል። ተሳፍሬ ስቀመጥ እጄን አሸተትሁ። ቀኑን ሙሉ የሦስቱን ሰዎች እጅ ስይዝ ውዬ ኖሮ፣ በጣቶቼ ላይ ከአክስትየዋ የተረፈ ጥቂት የአደስ ቅቤ ነበረ። ቤቴ ደርሼ እስክታጠብ ድረስ አልለቀቀኝም።